ምስልህን እበትነዋለሁ ሲሉ፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት (የአንድ ክር 31 ምላሾች)

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መወያያ ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ የአንድ ሰው እርቃን ምስል በማያውቀው ሰው እጅ ገብቶ፣ ገንዘብ ካልላከ ለዘመድ ወዳጁ እንደሚበተን ሲነገረው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምን ያድርግ? ምንስ አያድርግ? ምላሹ በዛ፣ መሀል ላይ ጭቅጭቅ ገባበት፣ ጠቃሚው ከማይጠቅመው ተቀላቀለ። ሌሊት ተደናግጦ የሚመጣ ሰው ያን ሁሉ የማንበብ አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች እየተከተልኩ የተባለውን በራሴ ቃል አስቀምጬዋለሁ።

መነሻው

ያስጠየቀኝ የታናሽ ወንድሜ ነገር ነው፤ ጻፈው ብሎ ፈቅዶልኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሌን አንኳኩቶ ገባ። ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። መልእክት በገባ ቁጥር ስክሪኑ ይበራና ፊቱን ያሳየኛል፣ መልሶ ይጨልማል። 19 ዓመቱ ነው። ከሁለት ቀን በፊት የጓደኝነት ጥያቄ የላከችለትን ልጅ፣ አራት የጋራ ጓደኞች ስለነበሯቸው አልጠረጠራትም። በማግስቱ ወደ ሌላ መተግበሪያ ወሰደችው፣ በቪዲዮ ደወለች፣ ልብሷን አወለቀች፣ እሱም እንዲያወልቅ ጠየቀችው። ጥሪው በተዘጋ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ ተላከለት። አብሮት የተከታዮቹ ዝርዝር በስክሪንሾት (በስክሪን ፎቶ) መጣ፣ የእናታችን ስም በቀይ ተከቦበት። ከዚያ ደቂቃ መቁጠር ጀመሩ። 30፣ 29፣ 28 እያሉ ቁጥር ብቻ ይልኩለታል።

እኔ ሁለት ስህተት ሠራሁ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ለምን የሚል ነበር። ወንድሜ ያን ሲሰማ ሊያሳየኝ የዘረጋውን ስልክ ወደ ደረቱ መለሰው። እንደገና እስኪዘረጋልኝ ድረስ ቁጥሩ ከሃያ በታች ወርዷል። ሁለተኛ፣ ደንግጬ አካውንቱን ጨርሶ እንዲያጠፋው ነገርኩት፤ አጠፋው። አልከፈልንም፣ ቪዲዮውም ለእናታችን አልደረሰም። ቢሆንም ትክክል ስለሠራን ነው ለማለት አልደፈርኩም፤ ለዚያ ነው ለመጠየቅ የመጣሁት።

ምላሾቹ

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ለወንድሜ ብርታት ተመኝቶ ጀመረ። በጨዋ አነጋገር ያነሣው ነጥብ በኋላ ሁሉም ሲመላለስበት የዋለ ነው፤ አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ነጻ አይወጣም፣ ከፋይ መሆኑን አስመዘገበ እንጂ። ምስል በገንዘብ ተገዝቶ የሚመለስ ዕቃ እንዳልሆነ፣ ቢያጠፉት እንኳ ማጥፋታቸውን የሚያይ ሰው እንደሌለ አስረዳ።

ምላሽ 2፦ ተስማምታ አንድ ነገር ጨመረች። መደራደርም ቢሆን ይጎዳል። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ግማሹን ልላክ የሚል ሰው ሊከፍል እንደተዘጋጀ እየነገራቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይዘው ስለሚሠሩ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት መልስ በሚሰጣቸው ላይ ነው። መሳደብና መዛትም መልስ መስጠት ስለሆነ ጨርሶ ዝም ማለትን መከረች።

ምላሽ 3፦ እዚህ ላይ ክሩ ተንገራገጨ። አንዲት ሴት ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ከፍላ ከዚያ በኋላ ከሰዎቹ ምንም ሰምታ እንደማታውቅ ጻፈች። ማንም ይክፈል ማለቷ አልነበረም። ከፍሎ የተገላገለ ሰው የለም ብለው የሚምሉት ግን እሷን አልጠየቋትም። በግልጽነቷ አመሰገንኳት፤ ከፍለው ዝም ያሉ ሰዎች እንዲህ ካልተናገሩ ስለማይታወቁ።

ምላሽ 4፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ያውም የሚያቆስል። የቀጣዩን ልጅ ማጥመጃ ገንዘብ ያዋጣችው እሷ ናት የሚል ነው።

ምላሽ 5፦ ሦስት ጊዜ የከፈለ ሰው ገብቶ በመጀመሪያ 4ኛውን ቆጣ አደረገው፤ ሰው በዚያ ሰዓት ሲከፍል የሚታየው የእናቱ ፊት እንጂ ቀጣዩ ልጅ አይደለም። ከዚያ የራሱን ተረከ። የመጀመሪያውን በላከ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፉን ጠየቁት። ሁለተኛው ከአጥማጁ አለቃ ስልክ ላይ ለማስጠፊያ ነው ተባለ፣ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው ተባለ፣ ከሦስተኛውም በኋላ ሌላ የመጨረሻ መጣ። ያቆሙት እሱ መልስ መስጠት ሲያቆም ነው። ለከፈሉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ቦታ ያላየሁትን ምክር ሰጠ። ክፍያውን ላስተላለፈው ባንክ፣ ወይም የተከፈለው በጊፍት ካርድ (ገንዘብ በተሞላ የስጦታ ካርድ) ከሆነ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ወዲያው መደወል፣ ደረሰኙንና የካርዱን ቁጥር አለመጣል። ካርዱ ገና ካልተመነዘረ ሊታገድ የሚችልበት ዕድል አለ፤ በሰዓታት ልዩነት ግን ያ ዕድል ይዘጋል።

ምላሽ 6፦ ለኔ ከሁሉም የበለጠብኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ሥራው የስልክና የኮምፒውተር ደኅንነት ነው። የሚለው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ቀድሞ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ሪፖርት፣ ብሎክ መጨረሻ። ብዙ ሰው ደንግጦ ከብሎክ ይጀምርና በእጁ ምንም ሳይኖር ይቀራል። በቴሌግራም የግል ቻት ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ አንዱ ወገን ውይይቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል፣ አስፈራሪው ነገሩ እንዳላማረው ከጠረጠረ ማስረጃው ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ስናፕቻት ደግሞ ስክሪንሾት ሲነሣ ለላኪው ያሳውቃል፤ እዚያ ላይ በሌላ ሰው ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሣት ነው። በዋትስአፕ አንድን ሰው ሪፖርት ሲያደርጉ ከእሱ የመጡት የመጨረሻዎቹ 5 መልእክቶች አብረው ወደ ድርጅቱ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ማስፈራሪያው በሌላ ወሬ ተገፍቶ ከአምስቱ ውጭ ሳይወጣ ሪፖርት ቢደረግ ይሻላል።

ምን ይነሣ ለሚለውም ዘረዘረ። ማስፈራሪያው ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ የፕሮፋይሉ ገጽ፣ ከሁሉ በላይ የፕሮፋይሉ ሊንክ፤ የሚታየው ስም በፈለጉ ሰዓት ይቀየራልና። ገንዘቡ እንዲገባበት የሰጡት የሒሳብ ቁጥር፣ ስልክ ወይም የቢትኮይን (የዲጂታል ገንዘብ) አድራሻም አለ፤ ፖሊስ ዘንድ ሲኬድ ክብደት የሚኖረው ይኸኛው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ፣ ደግሜ ላስቀምጠው። ተጎጂው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ምስሉን ለማስረጃ ብላችሁ እንኳ ለማንም አታስተላልፉ፤ ለአጎትም ለአስተማሪም። የዛቻው ጽሑፍ ይበቃል፣ ስልኩን ይዞ መሄድ ነው።

ምላሽ 7፦ በትሕትና የኔን ስህተት አረመ። አካውንት ማጥፋት በእነሱ እጅ ያለውን ቅጂ አያጠፋም፣ የተከታዮቹንም ዝርዝር አስቀድመው አንሥተውታል። የሚጠፋው የኛው ማስረጃ ነው። ከሰዎቹ ዓይን መጥፋት የፈለገ ሰው ማስረጃውን ካነሣ በኋላ አካውንቱን ለጊዜው መዝጋት ይችላል፤ ሲከፍተው ሁሉም በቦታው ያገኘዋል። ይህን ሳነብ ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

ምላሽ 8፦ ፎቶውን ስትጭንበት ከመላው ኢንተርኔት ላይ የሚያጠፋ ድረ ገጽ እንዳለ አንዱ አበሠረ። ሰው ሁሉ ሊንኩን ጠየቀ።

ምላሽ 9፦ ወዲያው ታረመ፣ በመታረሙም ደስ አለኝ፤ ምስልህን ጫን የሚል ገጽ ሌላ ወጥመድ ሊሆን ይችላልና። መላሿ የገለጸቻቸው ሁለት ነጻ አገልግሎቶች ናቸው። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባለው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ከብሪታንያ የተጀመረ ሲሆን 18 ዓመት ለሞላቸው ነው። ቴክ ኢት ዳውን ደግሞ በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 የተከፈተ ነው፤ ምስሉ ሲነሣ ዕድሜው ከ18 በታች ለነበረ ሰው። በሁለቱም ዘንድ ምስሉ ከስልክ አይወጣም። ስልኩ ራሱ ከምስሉ ላይ ሃሽ የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያወጣል፣ የሚላከው እሱ ብቻ ነው። በፕሮግራሙ የተሳተፉት ድርጅቶች ያንኑ ሃሽ የያዘ ምስል ሲጫን ለይተው ያግዱታል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከተሳታፊዎቹ ውስጥ ናቸው።

ምላሽ 10፦ ከሃሹ ምስሉን መልሶ ማግኘት ይቻል እንደሆነ አንዱ በስጋት ጠየቀ። 9ኛዋ ተመልሳ ከጣት አሻራ ጋር አመሳሰለችው፤ አሻራ የያዘ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ ይለየዋል እንጂ ከአሻራው ፊቱን መሥራት አይችልም። ጉድለቱንም አልደበቀችም። ባልተሳተፉ ድርጅቶች ዘንድ አይሠራም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ፣ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም በማያነበው ቻት ውስጥ የሚሄድን ምስል አያይም፣ ምስሉ ብዙ ከተቆራረጠ ወይም ከተለወጠም ሊያመልጥ ይችላል። ሆኖም ምስሉ ከመበተኑ በፊት ማስመዝገብ ስለሚቻል በዚያ ሌሊት እጅን ከማጣመር የሚሻል ሥራ ነው።

ምላሽ 11፦ አስተማሪ መሆኑን የገለጸ ሰው ወደ 3ኛው ምላሽ ተመለሰ። ሴትዮዋን ሳይወቅስ፣ ክፍያ መገላገያ እንዳልሆነ የሚያሳይ በፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ አነሣ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አንድ የ17 ዓመት ልጅ በኢንስታግራም ሴት መስለው በቀረቡት ሰዎች ተጠመደ። ገንዘብ ላከላቸው፣ ጨምር አሉት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ሁለቱ አጥማጆች ከናይጄሪያ ሌጎስ የመጡ ወንድማማቾች ነበሩ። ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ፣ በሴፕቴምበር 2024 እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደባቸው። የአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2023 ባለው ጊዜ ብቻ ከ13,000 በላይ የዚህ ዓይነት ጥቆማ መቀበሉን፣ ቢያንስ 12,600 ልጆች፣ አብዛኞቹም ወንዶች፣ መጎዳታቸውንና ቢያንስ 20 ሰዎች ራሳቸውን ማጥፋታቸውን አስታውቋል። አስተማሪው ይህን ያነሣው ለማስፈራራት አልነበረም። በዚያ ሰዓት ልጁን ብቻውን ክፍል ውስጥ አትተዉት፣ አብራችሁት ተቀመጡ፣ አስፈላጊ ከሆነ አብራችሁት እደሩ ለማለት ነው።

ምላሽ 12፦ ከዚህ ወዲያ ጨዋነቱ ተሟጠጠ። አንድ ሰው እርቃኑን ለማያውቀው የላከ ሰው የእጁን ነው ያገኘው ብሎ ጻፈ። በ11ኛው ምላሽ የተነገረው የሞተ ልጅ ገና ከሥሩ ሳይርቅ ነው ይህን የጻፈው። ተናደድኩ፤ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ።

ምላሽ 13፦ የሦስት ልጆች እናት መለሰችለት፣ እኔ ልመልስለት ከምችለው በተሻለ። የቤቱን በር ሳይዘጋ የተዘረፈ ሰው ጥንቃቄ ጎድሎት ይሆናል፤ ሌባው ግን ሌባ ነው፣ የሚታሰረውም እሱ ነው። ልጄ 12ኛው የጻፈውን ካነበበ በእንዲህ ያለ ቀን ወደ እኔ አይመጣም፣ አስፈራሪዎቹም የሚፈልጉት ይኸንኑ ነው ብላ ደመደመች።

ምላሽ 14፦ ስድብ ነበር፤ አወያዩ አንሥቶታል።

ምላሽ 15፦ አንድ ወጣት ለማንም ምንም ምስል ልኮ እንደማያውቅ፣ ያም ሆኖ እንደተያዘ ተናገረ። ልብስ ለብሶ የተነሣውን የፕሮፋይል ፎቶውን ወስደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት እርቃን አደረጉት። ፊቱ የእሱ ነው፣ አካሉ አይደለም፤ ግን ይህን ለማን ያስረዳል? ኤፍቢአይም እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ስለዚሁ ዘዴ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። 12ኛው ከዚህ በኋላ በዚህ ርዕስ አልተመለሰም።

ምላሽ 16 እና 17፦ ክሩ ወደ ቋንቋ ዞረ፤ ከርዕስ መውጣት ቢመስልም ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 16ኛው ነገሩን ቅሌት ብሎ ጠርቶት ነበር። 17ኛዋ ቅሌት የሚለው ቃል ነውሩን በተጎጂው ጫንቃ ላይ እንደሚጥል ተከራከረች። ሰውን አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል ዝርፊያ ስለሆነ በምስል ማስፈራራት ወይም በምስል መዝረፍ እንድንለው ሐሳብ አቀረበች። ወንድሜ የዚያን ሌሊት ክፍሌ ሲገባ ተዋርጃለሁ ነበር ያለኝ። እየተዘረፍኩ ነው ቢል ኖሮ እኔም ለምን ብዬ አልጠይቀውም ነበር።

ምላሽ 18፦ አንድ ትልቅ ሰው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አስታወሱ። 17ኛዋ በአክብሮት፣ ልጁ እንዳልታመመ አስታወሰቻቸው። እሳቸውም ልክ ነሽ ልጄ ብለው ተቀበሉ፤ መደበቁን ብቻ ነው ያልኩት ሲሉ አቃኑት። በዚህ ክር ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ ደስ ብሎኝ ያነበብኩት ይህን ነው።

ምላሽ 19፦ ሌላ ሰው በኢሜይል ስለደረሰው ማስፈራሪያ ጠየቀ። ላኪው ኮምፒውተሩን ሰብሮ እንደገባ፣ የወሲብ ፊልም ሲያይ በኮምፒውተሩ ካሜራ እንደቀረጸው ይናገራል፤ ለማሳመኛ የሰውየውን እውነተኛ ፓስወርድ ከላይ ጽፎበታል። በቢትኮይን እንዲከፍል ሁለት ቀን ሰጥቶታል። ሰውየው ሁለት ሌሊት አልተኛም።

ምላሽ 20፦ 6ኛው ተመልሶ አረጋጋው። ይህ ከወንድሜ ጉዳይ የተለየ ነው። እንዲህ ያለው ኢሜይል ቢያንስ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በጅምላ የሚላክ ባዶ ማስፈራሪያ ነው። ፓስወርዱ የተገኘው ከዓመታት በፊት ከተዘረፈ የሌላ ድረ ገጽ መዝገብ ነው እንጂ ከእሱ ኮምፒውተር አይደለም። ቪዲዮ ቢኖራቸው ከቪዲዮው ቁራጭ ይልኩ ነበር፤ ያላቸው ፓስወርድ ብቻ ስለሆነ ፓስወርድ ላኩ። ሀቭ አይ ቢን ፖንድ በሚባለው ድረ ገጽ ኢሜይሉ በየትኛው ዝርፊያ ውስጥ እንደወጣ ማየት ይቻላል። ያንን ፓስወርድ የተጠቀመበትን ሁሉ መቀየር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ማብራት፣ ኢሜይሉን ሳይመልሱ መተው፣ በቃ። 19ኛው ጠዋት ላይ አመስግኖ የጻፈው ቃል አጭር ነበር፤ መተኛቱን ነገረን።

ምላሽ 21 እና 22፦ ስለ ፓስወርድ መያዣ መተግበሪያዎችና በካሜራ ላይ ፕላስተር ስለመለጠፍ ነበር። የሚመለከተው ሌላ ክር ይክፈትበት።

ምላሽ 23፦ አወያዩ ወደ ርዕሱ መልሶን ከመጠመድ በፊት ስለሚደረገው ጥንቃቄ ጠየቀ፤ እኔ መጠየቅ የረሳሁት ነው። ራሱም ጀመረው። የጋራ ጓደኛ መኖሩ ማረጋገጫ አይደለም። አጥማጁ አንዱን ከእናንተ ክበብ ካስገባ በኋላ በእሱ ስም ሌላውን፣ በሌላው ስም እናንተን ያገኛችኋል። የጓደኛና የተከታይ ዝርዝር ለሌላ ሰው እንዳይታይ መዝጋት ከማስፈራሪያው ግማሹን ኃይል ይነሣል፤ እበትንልሃለሁ የሚለው ሰው የሚበትንለትን ካላወቀ ምን ይዟል? በኢንስታግራም ስለዚህ አካውንት በሚለው ቦታ መቼ እንደተከፈተ ይታያል፤ የዓመታት ፎቶ ደርድሮ ባለፈው ወር የተከፈተ ከሆነ መጠርጠር ነው። በተዋወቁ ቀን ወደ ሌላ መተግበሪያ እንሂድ ማለት፣ የራሷን እርቃን ምስል ሳይጠየቁ አስቀድሞ መላክ፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ድምፅ አለመኖሩና ማይኩ ተበላሽቷል ማለት፣ እነዚህ ሲገጣጠሙ የምታዩት ሰው ቀድሞ የተቀረጸ ፊልም ሳይሆን አይቀርም። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ሲያነብ ማይኩ ተበላሽቷል የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ናይጄሪያ ውስጥ ከዚህ ዝርፊያ ጋር የተያያዙ 63,000 ያህል የኢንስታግራም አካውንቶችን እንዳነሣ ያስታወሰን አወያዩ ነው፤ አንድ ልጅ ሲጠመድ ከጀርባው የተደራጀ ሥራ እንዳለ እንድናውቅ።

ምላሽ 24፦ የተለቀቀ ምስል በክፍያ እንደሚያስጠፋ፣ የአስፈራሪውንም ስልክ ሰብሮ እንደሚገባ አንዱ ቃል ገባ። አወያዩ ምላሹን አነሣው። ይህን በግል መልእክት ለብዙዎቻችሁ እንደላከም ሰምቻለሁ። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ያስጠነቀቀው የዚህ ብጤዎቹን ነው፤ ተጎጂን እናድን ብለው ገንዘብ የሚቀበሉና ጭራሽ ወደ ፖሊስ እንዳይሄድ የሚያግባቡ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ አንድ ጊዜ የተዘረፈን ሰው ፈልጎ ደግሞ የሚዘርፍ ከመጀመሪያው ሌባ ይከፋብኛል።

ምላሽ 25 እና 26፦ አንድ አባት የልጆቹን ስልክ በየማታው እንደሚፈትሽ ጻፈ። የ17 ዓመት ልጅ መሆኑን የገለጸ መላሽ ሳያንገራግር ተቃወመው። የሚፈተሽ ልጅ ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል፤ በችግር ቀን ደግሞ ከአስፈራሪው እኩል አባቱን ይፈራል። የእሱ አባት የሠራለትን ተረከ። ስለዚህ ጉዳይ በመኪና ሲሄዱ ዜና ሰምተው፣ አባቱ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ይህ ቢደርስብህ አልቆጣም፣ ስልክህን አልነጥቅህም፣ በየትኛውም ሰዓት ቀስቅሰኝ አለው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክር አልነበረበትም። 25ኛው አባት ለአንድ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ የጻፈው ለልጆቹ ያንኑ ቃል እንደነገራቸው ነው፤ ፍተሻውን ስለማቆሙ ግን ምንም አላለም።

ምላሽ 27፦ እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የሸሸነውን ጥያቄ አንዲት ሴት መለሰችው። ቢለቁትስ? የእሷን ለቀውታል። አልከፈለችም፣ ለ11 ሰው ላኩት። ከእነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ አላዩትም፤ ከማያውቁት አካውንት የሚመጣ መልእክት በኢንስታግራም ወደ መልእክት ጥያቄዎች ውስጥ ስለሚገባ ሳይከፈት ቀርቷል። ያዩት ሦስቱ ናቸው። አንዷ ደውላ አለቀሰችላት፣ አንዱ ሪፖርት አድርጎ አካውንቱን አስዘጋው፣ አንዱ እስከ ዛሬ አንሥቶት አያውቅም። ከባድ ሳምንት ነበር፣ ቀላል ነው ብላ አልዋሸችንም። ግን ከሳምንቱ በኋላ ሌላ ሳምንት መጣ። በሥራዋ አለች፣ በጓደኞቿ መሀል አለች። ሰዎቹ አንዴ ከለቀቁት በኋላ የሚያስፈራሩበት ነገር አልቆባቸው ጠፉ።

ምላሽ 28፦ 27ኛዋ አስቀድማ ለቅርብ ሰዎቿ ልካው የነበረውን መልእክት ሐሳብ እንድታካፍለን 3ኛዋ ጠየቀቻት። ይዘቱ ይህ ነው፤ በኢንተርኔት ሌቦች ተይዣለሁ፣ የኔ የሚባል ምስል ወይም ቪዲዮ ሊልኩላችሁ ይችላሉ፣ እንዳትከፍቱት፣ ለማንም እንዳታስተላልፉ፣ የላከውን አካውንት ሪፖርት አድርጉልኝ። ዝርዝር አልገባችበትም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። 3ኛዋ ያኔ ይህን የሚነግራት ሰው ኖሮ ቢሆን ባልከፈለች ነበር ብላ ጻፈች። 4ኛውም በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቃት።

ምላሽ 29፦ ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ። አዲስ የተከፈተ አካውንት ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አልተጨረሰም። አሁን እየሆነበት ነው፤ 40 ደቂቃ ሰጥተውታል፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ ግን መቀስቀስ አልቻለም።

ምላሽ 30፦ ብዙ ሰው ነቅቶ ነበርና በአንድ ቁጥር ሥር አስቀምጠዋለሁ። 6ኛው ስክሪንሾቱን በየተራ አስነሣው። 9ኛዋ ዕድሜውን ጠይቃ ከሁለቱ አገልግሎቶች የትኛው እንደሚሆንለት ነገረችው። እኔ የወንድሜን ጻፍኩለት፤ በሬን ሲያንኳኳ ምን እንዳልኩና ምን ማለት እንደነበረብኝ። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሲቀሰቅስ የሚለው ቃል ስላጣ፣ እየዘረፉኝ ነው፣ አጠገቤ ቁጭ በል፣ አሁን ምንም አትጠይቀኝ እንዲል 13ኛዋ እናት ነገረችው። ከዚያ ለ25 ደቂቃ አልጻፈም። በዚያ ክር ላይ እንደዚያ ረጅም 25 ደቂቃ አላውቅም።

ተመልሶ የጻፈው ታላቅ እህቱ አጠገቡ እንዳለች ነው።

ምላሽ 31፦ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። ቆጠራው ዜሮ ደርሶ አልፏል። በማግስቱ ከሌላ አካውንት አንድ ጊዜ ሞከሩት፣ ሳይመልስ ሪፖርት አደረገ፣ ከእህቱ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ስክሪንሾቶቹን ከነሊንኩ አስረከቡ። እስካሁን ለማንም የተላከ ነገር አላየም። ነገር ግን ስልኩ መልእክት ሲያስገባ ልቡ እንደሚመታ፣ እንቅልፍ እንደሚያጣ ነገረን። ወንድሜ ክሩን በዝምታ ሲያነብ ከርሞ ያን ጊዜ ከአዲሱ አካውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈ። የመልእክቱን ድምፅ ቀይረው አለው፤ እሱም እንዲያ አድርጎ ነው፣ አሮጌውን ድምፅ አሁን በሌላ ሰው ስልክ ሲሰማው ብቻ ነው የሚደነግጠው።

ክሩ አልተዘጋም። አወያዩ ሌሊት የሚጽፍ ሰው ካለ እንዲያየው ማሳወቂያውን ክፍት አድርጎ ትቶታል፤ የኔም ክፍት ነው።